ከቁርባን በፊት ማሚቱ

ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም የሚወስደው መንገድ ከረፋድ ጀምሮ ተዘግቶ ሚኒባሳችን ማንኩሳ ላይ ቆሟል። መቼ እንደሚከፈት ረዳቱም አያውቅም። የሐምሌ ዝናብ ሲበረታ ወደ አንድ ሱቅ በረንዳ ተጠጋሁ። እዚያ ከሚኒባሳችን የወረዱ አንዲት ጠና ያሉ ሴት ስልካቸውን አፋቸው ላይ ደቅነው ይሟገታሉ።

«ብያታለሁ አልኩዎ እኮ አባቴ። በሦስት ሰው ፊት ነው ያልኋት… አይ፣ እንደዚያ አላልኋትም። ምን አድርጌያት ብዬ?»

ስልኩን ዘግተው ዘወር ሲሉ ዓይን ለዓይን ተጋጨን።

«እኒህ ቄስ ሊገድሉኝ ነው፤» አሉኝ፣ የድሮ ጎረቤታቸው ይመስል። «በዚህ ጭቃ እስከ ቡሬ ሄጄ፣ ጉዳዬን ጨርሼ ስመለስ፣ ተመለሽ ይሉኛል።»

መንገዱ እስኪከፈት ሁለት ሰዓት ግድም ፈጀ። ሴትዮዋ፣ እትዬ ደጊቱ፣ ያን ሁሉ ጊዜ አላባከኑትም፤ ታሪካቸውን አጫወቱኝ።

ትውልዳቸው ከሽንዲ ወዲያ ነው። በአሥራ ስድስት ዓመታቸው አናጺውን ታከለን አግብተው ፍኖተ ሰላም ገቡ። አረቄ ማውጣት ጀመሩ፤ እጃቸውም ሰመረ። መቁረብ የተመኙት ገና የመጀመሪያ ልጃቸውን ክርስትና ያስነሱ ዕለት ነበር። ታከለ ግን፣ «ከቆረብን ወዲያ መፋታት የለም፤ እስቲ መጀመሪያ እንተዋወቅ» ይላቸዋል። አምስት ልጅ ከወለዱ በኋላም ይህንኑ ይላቸው ነበር። እሱ ሲሞት ደግሞ አረቄው አለ፤ እያወጡ እየሸጡ መቁረብ አይሆንም። በየዓመቱ «ለፍልሰታ» ይላሉ፣ ፍልሰታ ሲደርስ «ለከርሞ» ይላሉ።

ዘንድሮ ግን ስልሳ ሞላቸውና ቆረጡ። በሁዳዴ ዕቅድ አወጡ፤ ጽሕፈት ስለማይወዱ በጣታቸው ያዙት። ለፋሲካ አረቄውን ማቆም። በሰኔ ንስሐ መግባት። በሐምሌ ከተጣሉት ሁሉ መታረቅ። ነሐሴ አሥራ ስድስት መቁረብ። አረቄው ከተቆረጠለት ቀን አንድ ሳምንት ዘግይቶ ቆመ፤ የዘወትር ጠጪዎቹ ደጃፉ ላይ እንደ ለቅሶ ቤት ተሰብስበው ዋሉ። ንስሐውም ሆነ። በዶሮ ሰበብ ከተኳረፏት ጎረቤታቸው ከታንጉት ጋር በአንድ ጠዋት ታረቁ።

ማሚቱ ቀረች።

ማሚቱ የሟቹ የታከለ እህት ናት። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ ወንድሟ በተቀበረ ዕለት፣ ከለቀስተኛው መሀል ገብታ ሙሾ አወረደች፤ ወንድሟን የበላው በሽታ ሳይሆን የሚስቱ አረቄ ነው ብላ። ሙሾ ደግሞ ተቀባይ አለው። የሰፈሩ ሴት በሙሉ፣ ደረቷን እየደቃች፣ ማሚቱ ያለችውን ቃል በቃል ተቀበለች። እትዬ ደጊቱ ባለ ሐዘን ናቸው፤ መልስ መስጫ ቦታ አልነበራቸውም። ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለቱ አልተያዩም።

እነሆ ዛሬ ጠዋት ቡሬ ደረሱ። ማሚቱ ከጓሮዋ፣ ከሦስት ጎረቤቶቿ ጋር የበርበሬ ችግኝ ትተክላለች። እትዬ ደጊቱ አጥሩን አልፈው ከጀርባዋ ቆሙ።

«ማናት?» አለች ማሚቱ ቀና ሳትል።

«ደጊቱ ነኝ።»

«የቷ ደጊቱ?»

«ስንት ታውቂያለሽ?»

«አንዲት ነበረች። ሞታለች ብዬ።»

«ብሞትማ አንቺ ነበርሽ ሙሾ የምታወርጂልኝ፤ ሳልሰማው አልቀርም።»

አንደኛዋ ጎረቤት ፊቷን ወደ ችግኙ ደፍታ ሳቀች። ማሚቱ ችግኟን ተክላ፣ አፈሩን በጣቷ ጠቅጥቃ፣ ወደሚቀጥለው ጉድጓድ ተሻገረች።

«ምን ፈልገሽ መጣሽ?»

«ይቅር ልልሽ።»

ማሚቱ ያን ጊዜ ተነሣች። እጇ እስከ ክርኗ ጭቃ ነው።

«እኔን? አንቺ? ምነው ዛሬ?»

«ለፍልሰታ ልቆርብ ነው። ቄስ ዘሚካኤል የተጣላሽውን ሁሉ ታረቂ አሉኝ። የቀረሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ።»

«የመጨረሻዋ እኔ ነኛ።»

«ቀላል ቀላሉን አስቀደምሁ።»

«በይ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤» አለች ማሚቱ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «በመጨረሻዋ ዓመት፣ ሐኪሙ አንድ ጠብታ እንዳይቀምስ ብሎ ሲከለክለው፣ ለወንድሜ ይቀዳለት የነበረው ማን ነው?»

እትዬ ደጊቱ ሰማዩን አይተው፣ «ዝናቡ መጣ፤» አሉ። ሦስቱ ሴቶች እጃቸውን አፈር ውስጥ እንዳስገቡ ቀሩ።

«ዝናቡን ተይው፤» አለች ማሚቱ። «እሺ። መደቡን ረግጠሽዋል፤ ውረጂልኝ።»

ቢያዩ እውነትም ጫማቸው አራት ችግኝ ደፍጥጧል። ወረዱ። ከአጥሩ ሲደርሱ ዞር ብለው ለሦስቱ ሴቶች፣ «ይቅር ብያታለሁ፤ ሰምታችኋል፤» አሉ። ማሚቱም ከወዲያ፣ «ይቅርታሽን ይዘሽልኝ ሂጂ፣ ለቤትሽ ይሆንሻል፤» አለቻቸው።

ማንኩሳ ላይ ለቄሱ ደውለው የተናገሩት ይህንን ነው፤ ጥያቄዋን ብቻ ትተው። ቄስ ዘሚካኤል ግን አንድ ነገር ጠየቋቸው። «ይቅር አልኋት ትይኛለሽ። ይቅር በይኝስ ብለሻታል?» አላሏትም። እንግዲያው ያን ካላሏት አላቆርብም አሏቸው። ነሐሴ ሊገባ ዘጠኝ ቀን ቀርቷል።

«እኔ ይቅር በይኝ ልበላት?» ይላሉ እትዬ ደጊቱ፣ ሚኒባሱ ተነሥቶ በበቆሎው መሀል ሲከንፍ። «ሰፈርተኛውን ሁሉ በኔ ላይ ያስለቀሰችው እሷ። አርባ ቀኑን ሙሉ ሴቱ ቤቴ ሲገባ የማቀርበውን ብርጭቆ እንደ መርዝ ያየው ነበር።» ደግሞ፣ «ምቀኛ ናት። ከልጅነቷም እንዲያ ናት። በርበሬዋም አይጸድቅላትም፤ በጣም አቀራርባ ነው የተከለችው፤» ይላሉ።

ለከርሞ ቢያስተላልፉትስ አልኋቸው። ዓይናቸውን አፈጠጡብኝ።

«ከአርባ ዓመት በላይ ለከርሞ ስል ኖሬያለሁ። ከአሁን ወዲያ ከርሞ የሚባል ያለኝ ይመስላል?»

ከዚያ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ፍኖተ ሰላም ልንገባ ስንል፣ ለራሳቸው ነው፣ «እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ካልቀዳሁለት ሌላ ቤት ሄዶ ወድቆ ያድራል፤» ሲሉ ሰማሁ። ማን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

መናኸሪያው ስንደርስ ዝናቡ አባርቷል። ክንዳቸውን ይዤ አወረድኋቸው። ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ጫማቸው ላይ የደረቀውን የማሚቱን ጓሮ ጭቃ መሬት ላይ አራገፉ።

«ተመልሰው ይሄዳሉ?» አልኋቸው።

«የቀዳሁለትማ እኔ ነኝ ልጄ፤» አሉ። «እሷ ሳታውቀው በፊት አውቀዋለሁ። ማክሰኞ ሄጄ እነግራታለሁ። ደስ እንዳይላት ግን፣ እየሰደብኋት ነው የምነግራት።»