ጥርስ ያወጣ ድንጋይ

ኩታኖ የካሼን የበሬ ቆዳ እየፋቀች ሳለ መሀል ለመሀል ስትቀድደው ምንም አልተሰማትም። ቆዳው የካሼ ልጅ ስትዳር ይዛው የምትሄደው መኝታ ነበር። ኩታኖ ቀዳዳውን የሰው ቤት ጉድ የምታይ ይመስል ፈዛ አየችው።

«እማ፣ ድንጋይሽን እስቲ» አለች ልጇ አይላቶ። በሙጫ ከእንጨት እጀታው ጋር የተጣበቀውን መፋቂያ ተቀብላ አውራ ጣቷን በስለቱ ላይ በቀስታ አስኬደችው። ጠርዙ ላይ ሹል ጉጥ አለ። የኮንሶ ቆዳ ፋቂዎች ጥርስ ይሉታል፤ ቆዳ የሚቀድደው እሱ ነው። ጥርስ የሚያወጣው የጀማሪ ድንጋይ ነው፤ አለዚያም ክንዷ የከዳት አሮጊት ድንጋይ።

ይህን ለአይላቶ ያስተማረቻት ራሷ ኩታኖ ናት። ከመንደሩ በታች ጎርፍ የሚሸረሽረው ገደል በጥንት መፋቂያ የተሞላ ነው፤ አውሬ እያደኑ ሥር እየማሱ የኖሩ ሰዎች የጣሉት። አይላቶ በልጅነቷ እየለቀመች ስታመጣ፣ ኩታኖ አንዱን አገላብጣ «ይቺ ገና ተማሪ ነበረች» ትላለች፤ ሌላውን ደግሞ «ይቺስ ምስኪን አርጅታለች» ብላ ትስቅ ነበር። ያኔ መሳቅ ቀላል ነበር።

ካሼ ቆዳዋን ልትወስድ መጥታ ቀዳዳውን አየች። «የማን እጅ ነው ይሄ?» ብላ ጮኸች።

«የኔ ነው» አለች አይላቶ፣ እናቷ አፏን ሳትከፍት። «ገና እየለመድኩ ነው።»

ኩታኖ አጎንብሳ የተቀደደውን ቆዳ ጠቀለለች።

ወሬ ክንፍ አለው። ከዚያ ወዲህ ለአይላቶ ቆዳ የሚሰጥ ጠፋ። ሁለት ልጆቿን የምታበላው በዚያው እጇ ነበር። እናቷን ግን አልወቀሰችም።

መከር ሲያልቅ ካሼ ጎረቤቶቿን አስከትላ ተመለሰች፤ ሌላ ቆዳ ኩታኖ ጭን ላይ ዘረጋች። «የአይላቶ እናት፣ ይሄን አንቺው በእጅሽ። ያቺ ዝርክርክ እንዳትነካብኝ።»

አይላቶ ምድር ምድሩን አየች።

«ያኛውን የቀደድኩት እኔ ነኝ» አለች ኩታኖ።

ካሼ ሳቋን ለቀቀችው። «አይ የእናት ሆድ! አንቺ ቆዳ የቀደድሽ ዕለት በሬ ይወልዳል!» ሴቶቹም አብረው ሳቁ።

ኩታኖ አልተከራከረችም። ድንጋይና መምቻ ብረቷን አነሳችና እዚያው ፊታቸው መፈልፈል ጀመረች። ድሮ በጥቂት ምት የሚታዘዝላት ድንጋይ አሁን እንቢ አለ። ፍንጣሪው እያጠረ፣ እየተሰበረ ወደቀ። ሴቶቹ አንድ በአንድ ጠጋ ብለው አዩ። ስትጨርስ ድንጋዩን ለካሼ ዘረጋችላት።

«ንኪው።»

ካሼ ጣቷን በጠርዙ ላይ አስኬደች፤ ጥርሱ ወግቶ አደማት። ጣቷን እየመጠጠች ኩታኖን ትክ ብላ አየቻት።

«ክንድሽ መቼ ነው መክዳት የጀመረው?» አለች ዝግ ብላ።

«እንጃ።»

ካሼ ቆዳውን ከኩታኖ ጭን አንስታ አይላቶ ጭን ላይ አኖረችው። ኩታኖ አለቅሳለሁ ብላ ጠበቀች፤ እንባው አልመጣም። ጭኗ ቀለላት። የተሰማት ያ ብቻ ነው።