በሑዳዴ የተቀቀለ እንቁላል

ትናንት እዚህ ሰው አገር፣ ዋራበሌ ሰፈር ውስጥ፣ ዩኒቨርሲቲያችን ለእናቶች ስለ አመጋገብ በሚያስተምርበት ክፍል እንቁላል ስልጥ፣ ሽታው ወዳደግኩበት ሰፈር፣ ወደ ካርቲየ 6 መለሰኝ።

ስምንት ዓመቴ ነበር። ደሜ አንሶ ገርጥቻለሁ። ያኔም ከዩኒቨርሲቲ የመጡ ተማሪዎች እናቴን «በየቀኑ እንቁላል አብያት» አሏት። ጊዜው ሑዳዴ ነው፤ እማዬ ደግሞ ጾም ገድፋ አታውቅም። በማግስቱ የግቢው ሐበሾች እንዳይሸታቸው፣ በዚያ ወበቅ በርና መስኮቱን ዘግታ ቀቀለችልኝ።

«እማዬ፣ ጾም አይደል እንዴ?»

«ዝም ብለሽ ብዪ። ኃጢአቱ የኔ ነው።»

ኃጢአት እንደ ጆንያ የሚሸከሙት ነገር መስሎኝ ትከሻዋን አየሁ። ቅርፊቱን በፌስታል ቋጥራ፣ ሰው ቤት ወደምትሠራበት የሀብታሞች ሰፈር፣ ሀራሙስ ወሰደችው፤ እዚያ ልትጥለው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ እኔን አስገብታ እሷ አጥሩ ጋ ቀረች። እስከ ፋሲካ እንዲሁ ነበር። እኔ ግን እንቁላሉ ጣፍጦኝ «ድገሚኝ» እላት ነበር።

ትናንት አንዲት ሐበሻ እናት የገረጣ ልጇን ይዛ፣ «እህቴ፣ ጾም እኮ ነው» አለችኝ። «የንስሐ አባትሽን አማክሪ» ማለት ነበረብኝ። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ስጪው። ኃጢአቱ የኔ ነው።»