ከድስቱ ሥር የያዘው ሩዝ

ሰው ሥራዬን ሲጠይቀኝ “ወጥ ቤት ነው የምሠራው” ብዬ አላውቅም። “በቀን ሦስት መቶ አርባ ሰው አበላለሁ” ነው የምለው። አባባሉ ደረት ያስነፋል፤ አንዳንዱ ሰውም ባለሀብት እየመሰልኩት ድምፁን ዝቅ ያደርግልኛል። እውነቱ ግን የአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሠራተኞች ምግብ ቤት አብሳይ ነኝ። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ሰው በሚያክል ድስት ውስጥ አካፋ በሚያክል ማማሰያ ሳማስል ኖሬያለሁ። ሠራተኞቹ “ጭልፋው” ይሉኛል። ስድብ ይሁን ሹመት አልነገሩኝም፤ እኔ በሹመት ወስጄዋለሁ።

ይህ ሁሉ ዝና ከፋብሪካው በር አያልፍም። ቤቴ ስገባ እንቁላል እንኳ ቀቅዬ አላውቅም። “ቀኑን ሙሉ እሳት ሲጠብሰኝ ውዬ!” እልና ወንበሬ ላይ እዘረጋለሁ። ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ እሷም ቀኑን ሙሉ መኪናዋ ላይ ተጎንብሳ ነው የምትውለው። ግን ምንም ሳትል ተነስታ ታበስላለች፣ ታቀርባለች፣ እኔም እበላለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ኖርን። አንዳንዴ እንዲያውም “ጨው አንሶታል” እል ነበር። እንደ ባለሙያ አስተያየት መስጠቴ ነው።

በዚህ ዓመት ሐሞቷ ውስጥ ጠጠር ተገኘና ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ቀዶው ደህና ሆነ፤ የምግብ ፍላጎቷ ግን አብሮ ተቆርጦ የወጣ ይመስል ጠፋ። ሁለት ማንኪያ ትቀምስና ሳህኑን ገፋ ታደርገዋለች። ክብደቷ አርባ ሦስት ኪሎ ገባ። ሐኪሙ ፊት ለፊት ነው የነገረን፤ “በሁለት ሳምንት ውስጥ መጨመር ካልጀመረች ተመልሳ ትተኛለች፣ በቱቦ ነው የምንመግባት” አለ። “የአየር ለውጥ ያስፈልጋታል። የምግብ ቤት ምግብ አይንካት። ቀለል ያለ፣ የምትወደውን ነገር ስጧት።” እኔም የገባው ሰው ሆኜ ራሴን ነቀነቅኩ።

መድኃኒት ቤት የምትሠራው ልጃችን ሐይቅ ዳር ለእንግዳ የሚከራይ ቤት በስልኳ ፈልጋ ለአንድ ሳምንት ያዘችልን። እስከዚያ ድረስ እናቷን የምታበላት እሷ ስለነበረች ፈርታለች።

“አባዬ፣ ሙሉ ኩሽና አለው ይላል። ግን አንተ ትችላለህ?”

“ድስት ካለ ሌላውን ለእኔ ተይው” አልኳት። “ሦስት መቶ አርባ ሰው የሚያበላ ሰው አንዲት ሴት ማብላት ያቅተዋል?”

ለአፍ ዳገት የለውም።

ቤቱ ስንደርስ ቁልፍ ያዧ ሴትዮ ከፍታ አስገባችን። ቤት ያልኩት አንድ ክፍል ነው። በአንድ ጥግ አልጋ፣ በሌላው ጥግ መደርደሪያ። መደርደሪያውን ደገፍ ብዬ “ኩሽናው በየት በኩል ነው?” ብዬ ጠየቅኳት። “ተደግፈውታል” አለችኝ።

ሙሉ ኩሽናው ይህን ይመስል ነበር፤ አንድ ድስት ብቻ የምትችል የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ አንድ የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ፣ ክዳን የሌለው ትንሽ ድስት፣ የበሰለ ሙዝ ለመቁረጥ የሚያቅማማ ቢላ፣ ሁለት ሳህን፣ ሁለት ማንኪያ። ከዚያ ደግሞ፣ ለምን እንደሆነ እግዜር ይወቀው፣ ስድስት የሚያብረቀርቁ የወይን ብርጭቆዎችና የቡሽ መንቀያ። የምድጃዋ ማዞሪያ ተሰብሮ መጨረሻው ላይ ቀርቷል። ወይ ትነዳለች፣ ወይ ትጠፋለች፤ መካከለኛ የሚባል ነገር አታውቅም።

“አባቴ፣ ምድጃውንና ማንቆርቆሪያውን አንድ ላይ እንዳይሰኩ። ቆጣሪው ይወርዳል” አለች ሴትዮዋ።

“ታዲያ ሰው እዚህ እንዴት ነው የሚያበስለው?”

“እስካሁን ያበሰለ የለም። ይመጣሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ ይሄዳሉ።”

ባለቤቴ አልጋው ላይ ትራስ ተደግፋ ተቀመጠች። ግድግዳ ስለሌለ እያንዳንዱን እንቅስቃሴዬን ታያለች። ፋብሪካ ውስጥ እኔ የምሠራው ከግድግዳ ጀርባ ነው፤ ሳህን በመስኮት ይወጣል፣ ማን እንደበላው፣ እንዴት እንደበላው አላይም። አሁን ግን አንዲት ሴት ዓይኗን ተክላብኛለች።

የመጀመሪያው ቀን የካሮትና የድንች ሾርባ ጀመርኩ። ጨው ላይ ስደርስ ቆምኩ። እኔ ጨው የማውቀው በጣሳ ነው። ሁለት ጣሳ ለሦስት መቶ አርባ ሰው ከሆነ ለሁለት ሰው ስንት ነው? ወረቀት አውጥቼ አካፈልኩ። መልሱ በጣም ትንሽ ሆነብኝና አላመንኩትም፤ ሒሳብ ከድሮም ጠላቴ ነው። በእምነት ጨመርኩበት። በዚህ መሀል ምድጃዋ ነድዳ ሾርባው ገንፍሎ ወለሉ ላይ ወረደ። እሳቱን መቀነስ ስለማይቻል ድስቱን በእጄ አንስቼ አየር ላይ ያዝኩት፤ ሲበርድ አስቀምጣለሁ፣ ሲገነፍል አነሳለሁ። ግማሽ ሰዓት እንዲህ ስሠራ ከአልጋው በኩል ሳል የመሰለ ድምፅ ሰማሁ። ሳቋን እያፈነች ነበር።

አንድ ማንኪያ ቀመሰች። “ውሃ ታቀብለኛለህ?” አለችኝ። ሁለተኛውን ማንኪያ ስለ እኔ ብላ ዋጠች። ከዚያ ሳህኑ ገፋ ተደረገ።

በሁለተኛው ቀን ጊዜ ለመቆጠብ ብዬ ምድጃዋ ላይ ድንች ጥጄ ማንቆርቆሪያውን ሰካሁ። የሴትዮዋን ምክር ረስቼው አይደለም፤ “ለሌላው ሰው ነው የተባለው” ብዬ ነው። ጠፍ! የእኛ ብቻ ሳይሆን ግቢው ውስጥ ያሉት የአምስቱም ቤቶች መብራት ሄደ። ከጎረቤት ቤት አንድ ሰውዬ ፊቱን ግማሹን በኤሌክትሪክ መላጫ ተላጭቶ ግማሹን እንደ ጎፈረ ወጣ። “ማን ነው?” አለ። እኔም ዞር ዞር ብዬ ጥፋተኛውን አብሬው ፈለግኩ። መብራቱ የተመለሰው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ድንቹ ውጩ ለስልሶ ውስጡ ጥሬ ቀረ። ባለቤቴ ሦስት ጊዜ ጎረሰች። “ጥሩ ነው፤ ጠግቤ ነው” አለች።

እንዳልጠገበች አውቃለሁ። የእጅ ሰዓቷ ተንሸራቶ ክርኗ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። ፈራሁ። ሃያ ስምንት ዓመት የተኮፈስኩበት ሙያ ለሚስቴ አንድ ጉርሻ ሊሆናት አልቻለም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሐይቁ ዳር ብቻዬን ስቀመጥ የሐኪሙ ቃል ትዝ አለኝ። የምትወደውን። እሺ፣ ምንድን ነው የምትወደው? አሰብኩ። ጫማ ቁጥሯን አውቃለሁ። የምትጠላውን ዘመዴን አውቃለሁ። የምትወደውን ምግብ ግን ብፈልግ፣ ብፈልግ፣ ምንም የለም። ልብ ካላየ ዓይን አያይም የሚሉት እውነት ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ማዕድ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠን እኔ ሳህኔን ሳይ ኖሬያለሁ። እሷኑ እንዳልጠይቃት አፈርኩ። ልጄ ጋ ደወልኩ።

“እናትሽ የምትወደው ምግብ ምንድን ነው?”

“እማዬ? እማዬ እኮ… የተረፈውን ነው የምትበላው።”

“ቀልዴን አይደለም።”

“እኔም አልቀለድኩም አባዬ። ቆይ፣ ቆይ! ከድስቱ ሥር የያዘው ሩዝ! ሁልጊዜ እሱን ፍቃ ትበላ የለ? እሱን ሳትወደው አትቀርም።”

እውነቷን ነው! ማንኪያው ድስቱን ሲፍቅ የሚያሰማው ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ። በየሳምንቱ እሰማዋለሁ እኮ! በደስታ ልዘል ምንም አልቀረኝም። ያረረ ሩዝ ከሆነ ደግሞ ያቺ እብድ ምድጃ ለዚሁ የተፈጠረች ናት።

ባለቤቴን ደጅ በረንዳው ላይ ወንበር አውጥቼ አስቀመጥኳትና ሥራ ጀመርኩ። ፋብሪካ ውስጥ ሩዝ ከያዘ ነውር ነው፤ ድስቱ ተዘፍዝፎ ያድራል፣ እኔም ጥፋቱን በድስቱ ላይ አላክኬ ነው የምወጣው። አሁን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አስቤበት፣ ተጠንቅቄ አሳረርኩ። ጭሱ በመስኮት ሲወጣ ያ ጎረቤት ሰውዬ እየሮጠ መጣ፤ ፊቱን አሁን ሙሉውን ተላጭቷል።

“ጋሼ፣ የሆነ ነገር እያረረብዎት ነው!”

“አውቃለሁ!” አልኩት በኩራት። ቆጣሪው ትዝ ሳይለው አልቀረም፤ ወደ ኋላ እያየኝ ሄደ።

ነጩን ሩዝ ለራሴ በአንዱ ሳህን ገለበጥኩ። ያረረውን ቢላው እምቢ ስላለው በቡሽ መንቀያው ዙሪያውን ፈልፍዬ፣ ሳይሰበር እንዳለ፣ የድስቱን ቅርጽ እንደያዘ አወጣሁት። ሃያ ስምንት ዓመት ስሠራ እንደዚያ የተጠበብኩበት ምግብ የለም። ይዤላት ወጣሁ።

“የምትወጂውን አመጣሁልሽ።”

ሳህኑን አየችው። እኔን አየችኝ። ከዚያ ሳቀች። የተሰፋው ቦታ እንዳያማት በእጇ ሆዷን ደግፋ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅኩ፤ ለምን እንደምንስቅ ግን አላወቅኩም። ቀስ እያለች ሳቁን ተወችው።

“ማነው ይህን ትወጃለሽ ያለህ?”

“ልጅሽ ናት። እኔም አይቻለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ስትበዪው።”

“የበላሁትማ ነጩ ለእናንተ እንዲደርስ ነው” አለች። “ድስቱ ይይዛል። የያዘውን ደግሞ አንድ ሰው መብላት አለበት።”

አልተቆጣችም፤ ስለ አየሩ የምታወራ ያህል ነው የተናገረችው። ቆጣ ብትል ይሻለኝ ነበር። ሳህኑን እንደያዝኩ ቆምኩ፤ የት እንደማስቀምጠው ጠፋኝ።

“እሺ፣ ምን ትወጃለሽ?” አልኳት መጨረሻ ላይ። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ ይላሉ፤ እኔ ሊቅ ለመሆን ትንሽ ዘግይቻለሁ።

ሐይቁን እያየች ቆየች። ማንም ጠይቋት ስለማያውቅ እሷም መፈለግ ነበረባት።

“እንቁላል” አለች። “የተቀቀለ። አስኳሉ ያልጠነከረ፣ ለስለስ ያለ። ትንሽ ጨው ብቻ።”

“እንቁላል? አንቺ እንቁላል አትወጂም እኮ! የራስሽን ሁልጊዜ ለእኔ ነው የምትሰጪኝ።”

“እሱን ነው እኮ የምልህ።”

ምድጃዋን ነቀልኩ። ማንቆርቆሪያው ውስጥ ውሃ ሞልቼ ሦስት እንቁላል ቀስ አድርጌ ከተትኩና ሰካሁት። ሲፈላ ራሱ ጠፍ ይላል፤ እሷ ከበረንዳ ሆና “አንድ ጊዜ ድገመው… አሁን ክዳኑን ሳትከፍት ተወው… አውጣ!” እያለች አዘዘችኝ። ጭልፋው ዕድሜ ልኩን ሲያዝ ኖሮ ታዘዘ። አንዱን ልጬ በወይን ብርጭቆ አድርጌ ሰጠኋት፤ ያ ብርጭቆ በመጨረሻ ሥራ አገኘ። ጨዉን እንዳልነካ አስጠንቅቃኝ በራሷ ጣት ነሰነሰች።

ተቀመጥኩና ስትበላ አየኋት። ቀስ ብላ ነው የምትበላው። አስኳሉ ላይ ስትደርስ ዓይኗን ትጨፍናለች። ይህን አላውቅም ነበር። ብርጭቆውን በማንኪያ ጠራርጋ ጨረሰችና ቀና አለች።

“ሌላ አለ?”

ፋብሪካ ውስጥ በዚያች መስኮት ይህን ጥያቄ በቀን መቶ ጊዜ እሰማለሁ። መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ “አልቋል!” በልማድ ከአፌ ሊያመልጠኝ ሲል ምላሴን ነከስኩ። “አለ” አልኳት። ተነስቼም ማንቆርቆሪያውን የማይ መሰልኩ። ሦስቱንም በላች።

ነጩ ሩዝ ቀዝቅዞ ተቀምጧል። እኔ ግን ያረረውን ሳህን ጎተትኩና ቆርሼ በላሁ። መራራ ነው። ጥርስ ውስጥ ይገባል፣ ጉሮሮ ይቧጥጣል። ሠላሳ አንድ ዓመት ይህን ነበር የምትበላው ብዬ እያሰብኩ እስከ መጨረሻው አኘክሁት።

“እንዴት ነው?” አለችኝ።

“ይጣፍጣል።”

“እንግዲያውስ ከዛሬ ጀምሮ ያንተ ነው።”

በቀጠሮው ቀን ሚዛኑ ላይ ወጣች፤ አርባ አራት ኪሎ ተኩል። ሐኪሙ “በርቱ” ብሎ ወደ ቤት ላከን፤ መተኛቱም ቱቦውም ቀረ። ምን እንዳበላኋት ሲጠይቀኝ ስለ ሙያዬ ሰፋ አድርጌ ልገልጽ አፌን ስከፍት ባለቤቴ ቀደመችኝ፤ “እንቁላል ቀቀለልኝ፣ በማንቆርቆሪያ” አለችው።

ባለፈው እሑድ ልጃችን ምሳ ልትበላ መጣች። ሩዙን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ድስቱ እንደ ልማዱ ያዘ። ነጩን ለእነሱ አወጣሁና ጓዳ ቆሜ በማንኪያ ስፍቅ ልጄ በበሩ ብቅ አለች።

“አባዬ፣ አንተም ያረረ ትወዳለህ እንዴ?” አለችኝ እየሳቀች።

“ሂጂ ተቀመጪ፤ ነጩ ሳይቀዘቅዝ ብዪ” አልኳት።