ሲስተር ሄልሚ እና የመርፌው ፍርሃት

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኖቬምበር 14 ቀን 1996፣ ሐሙስ። ታርቱ ከተማ፣ ሄልሚ ራውድሲክ ቤት፣ የሳሎኑ መስኮት ለክረምቱ ብርድ ተደፍኖ አልቋል፤ ጥጡ በሁለቱ መስታወቶች መካከል ተጠቅጥቆ ወረቀቱ ዙሪያውን ተለጥፏል። የመኝታ ቤቱ ግን በግማሽ ቀርቷል። ሙጫው ሳህን ውስጥ ደርቆ ብሩሹን ነክሶ ይዞታል። ሄልሚን እዚያው መስኮት ሥር ሞታ ያገኘቻት ታናሽ እህቷ ቫይኬ ናት።

ሄልሚ የአእምሮ ሕክምና ክሊኒክ ነርስ ነበረች። ሥራዋ ጤነኛ ሰዎችን በፈቃዳቸው ማስፈራራት ነው። ተመራማሪዎቹ ጭንቀት ከየት እንደሚነሳ ያጠኑ ነበር። መርፌው ውስጥ ያለችው አራት አሚኖ አሲዶች የተቀጣጠሉባት ኢምንት ሞለኪውል ናት፤ ዘመዶቿ በማንኛውም ሰው አንጀትና አንጎል ውስጥ ይኖራሉ። በደም ሥር ስትገባ ነርቮች ላይ ካሉት ተቀባዮች ጋር ትጣበቃለች። ወዲያው ልብ ይዘላል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ሰውየው ሊሞት የደረሰ ይመስለዋል። ጥቂት ቆይታ ሞለኪውሏ ትሰባበርና ሁሉም ጸጥ ይላል።

ሄልሚ የተወጉትን ተማሪዎች የእጅ አንጓ ይዛ ሁልጊዜ የምትለው አንድ ነገር ነው፦ «ልብህ ደህና ነው። ፍርሃት ነው፤ ይመጣል፣ ይሄዳል።»

«ሲስተር፣ ይቺን ጠብታ ነው ለኔ? ለድመትም አትበቃ!» አላት በዚያ መከር ኡርሞ የሚባል፣ ትከሻው በር የሚሞላ ተማሪ።

«መጀመሪያ ተጋደም፤ ጉራው ይደርሳል።»

መርፌው ገብቶ ብዙም ሳይቆይ ፊቱ አመድ መሰለ። «ልቤ ቆመ! ሲስተር፣ አይሂዱብኝ!»

«የት እሄዳለሁ? ልብህ ደህና ነው።»

ሲበርድለት ላቡን ጠረገ። «እማዬ ብዬ ተጣራሁ እንዴ?»

«ሁለቴ።»

«በእግዜር፣ ለማንም እንዳይነግሩብኝ!»

እሷን ራሷን የያዛትም በዚያው ሰሞን ነው። ድንች ተሸክማ ዳገቱን ስትወጣ ደረቷን የሆነ ነገር ጨመቃት፤ ሕመሙ እስከ መንጋጋዋ ዘለቀ። አጥር ተደግፋ የገዛ አንጓዋን ያዘች፣ ለተማሪዎቹ የምትለውን ለራሷ አለች፣ ለቀቃትም። የጎዳት መልቀቁ ነው። ስንቱን ጎረምሳ «ሞትኩ» ሲል ሰምታ በእግሩ ሸኝታለች! ለእሷ፣ የሚያልፍ ነገር ፍርሃት ነው።

ዳግመኛ ሲነሳባት ቫይኬ አብራት ነበረች።

«ልብ ሐኪም ዘንድ ሂጂ።»

«ሐኪም ቤት አይደል የምውለው?»

«ዓሣ አጥማጅስ ወንዝ ላይ ውሎ ይሰምጥ የለ?»

«አንቺ ደግሞ፣ ምላስሽ! የአንጎል ጨዋታ ነው፤ አውቀዋለሁ።»

«እሱን ለተማሪዎችሽ ንገሪያቸው። ከንፈርሽ ጠቁሯል፣ እህቴ።»

ሄልሚ ሳቀችባት። ከዚያ በኋላ ግን መንገድ ስትመርጥ ሜዳ ሜዳውን ሆነ፤ ለምን እንደሆነ ራሷን አልጠየቀችም።

ረቡዕ ዕለት፣ በሞቷ ዋዜማ፣ የጥናቱ ኃላፊ ዶክተር ታቬት ካልም የመርፌዎቹን ሣጥን ተቀብሏት ፊቷን አየ።

«ሲስተር፣ ገርጥተዋል።»

«ጎረምሶችዎ ናቸው የሚጨርሱኝ። እነሱን ሳስፈራራ እኔም ተለከፍኩ መሰለኝ፤ አልፎ አልፎ ደረቴን ይይዘኛል።»

«መቼ መቼ?»

«ደረጃ ስወጣ፤ ዳገት ላይ።»

ዶክተሩ ሣጥኑን አስቀመጠ። «ሲቀመጡስ? ሲተኙ?»

«ኧረ የለም። አረፍ ስል ይተወኛል።»

«የእኛ መርፌ የሚያስፈራው እኮ የተኛ ሰው ነው። ይሄ ዳገት እየጠበቀ ነው የሚመጣው። ሲስተር፣ ነገ ልብዎን ይታዩ። ደውዬ እነግራቸዋለሁ።»

ሄልሚ ይህን ያህል ዘመን የሰው አንጓ ይዛ ስትኖር፣ ይህን ጥያቄ ለራሷ አላቀረበችም።

«ዓርብ ይሁን፣ ዶክተር። ውርጩ ሳይገባ መስኮቶቼን ልድፈን።»

«ነገ ነው ያልኩት።»

«ዓርብ፣» አለችው ካፖርቷን እየለበሰች።

ከሥራ ወጥታ የቫይኬን ቦት ጫማ ከጫማ ሠሪው ተቀበለች፤ ተረከዙ ተቀይሯል። ቫይኬ የምትኖረው አራተኛ ፎቅ ነው፣ አሳንሰር የለውም። ከፎቅ በታች ትታው መሄድ ትችል ነበር፤ ግን በማግስቱ በረዶ እንደሚጥል በሬዲዮ ሰምታለች፣ እህቷ ደግሞ ሌላ የክረምት ጫማ የላትም። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ውሻ አስከትሎ የሚወርድ ጎረቤት ቆመ።

«ደህና ነዎት?»

«ቸኩዬ ወጥቼ ነው።»

ሰውየው ወረደ። ውሻው ግን መታጠፊያው ላይ ቆሞ፣ ገመዱ እስኪጎትተው ድረስ ዓይኑን አልነቀለባትም።

ቀስ ብላ ተነሥታ ወጣች። ቫይኬ ዳቦ ቤት ተረኛ ስለነበረች በሩ ዝግ ነው። ሄልሚ የደጃፉ ምንጣፍ እንዳይቆሽሽ ጋዜጣ ዘርግታ ቦቱን አስቀመጠች፣ ማሰሪያዎቹን እርስ በርስ ቋጠረች፣ የእጅ መደገፊያውን ይዛ ወረደች።