የሞለንደይክ ድልድይ ከፋች

ድልድዩ መርከብ ለማሳለፍ እየተከፈተ ግማሽ ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ።

ቪበ ሁክማ ቁልፉን ደግሞ ተጫነ። ምንም። ከታች አንዲት የሽርሽር ጀልባ በክፍተቱ መግባት ጀምራለች። ከምዕራብ ደግሞ አሸዋ ጢም አድርጎ የጫነው መርከብ «አቮንድስተር» ይመጣል፤ ግማሽ የተከፈተ ድልድይ ለእሱ አይበቃውም። ቪበ ቀዩን መብራት አበራ። የጠዋቷ ፀሐይ ግን የመርከቡ ካፒቴን ዓይን ላይ ነበረች፤ መብራቱን አላየውም።

«ቪበ! ነቅተሃል ወይስ መጥቼ ልቀስቅስህ?» አለ ካፒቴኑ በሬዲዮ እየሳቀ።

በመቆጣጠሪያው ክፍል ከጀርባው ወይዘሮ ቴርፕስትራ የመጻፊያ ሰሌዳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ባለፈው ጥር ስትሮክ የቪበን ቀኝ እጅና አንደበት ወስዶበታል። ወደ ሥራው ይመለስ አይመለስ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው፤ ፈተናውም ዛሬ ነው።

«ይናገሩ እንጂ!» አሉት።

«ቁም» ብቻ ቢል መርከቡም ጀልባዋም በሬዲዮ ይሰሙታል፤ እሷም ድልድዩ ሥር ትገተራለች። መርከቡን በስሙ መጥራት አለበት። ስሙ ደግሞ እንደ አገሩ ረጃጅም ቃላት ሁሉ ከሁለት የተጋጠመ ነው፦ አቮንድ፣ ስተር፤ የምሽት ኮከብ።

ንግግር የምታስተምረው ሂልከ ስድስት ወር ሙሉ ጠረጴዛ ስታስደበድበው ከርማለች። «የፊተኛውን ቃል ራስ ራሱን ይበሉት፣ ጋሽ ቪበ። የኋለኛው ጋሪ ነው፤ ፈረሱ ከተነሳ ይከተላል።» እየመታ ይናገራል። ሳይመታ ድዳ ነው።

አሁን ግራ እጁ የሬዲዮውን መጫኛ ይዟል። ከለቀቀው ድምፁ አይተላለፍም። ቀኙ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥሏል።

መርከቡ መቶ ሜትር ቀርቶታል።

በግራ ቦቲው ወለሉን ረገጠ። «አ...» ደግሞ ረገጠ፤ የክፍሉ መስታወት ተርገፈገፈ። «አ-ቮንድ-ስተር!» ፈረሱ ተነሳ። «አ-ቮንድ-ስተር፣ ቁም! ድልድይ... ተበላሸ!»

ሞተሩ ወደ ኋላ ዞሮ አጓራ፤ ውሃው አረፋ ደፈቀ። ጀልባዋ በወዲያኛው በኩል ወጣች። መርከቡ ከድልድዩ ስምንት ሜትር ላይ ቆመ።

«ምን ሆነህ ነው ወለል የምትቀጠቅጠው? ጆሮዬን አደነቆርከው እኮ!» አለ ካፒቴኑ። ድምፁ ግን ሳቅ አልነበረበትም።

ወይዘሮ ቴርፕስትራ ሰዓታቸውን አዩ። «እስኪናገሩ አሥራ አንድ ሰከንድ። ደንቡ የሚለው አምስት ነው።»

ቪበ ረገጠ። «መርከቡ... ቆሟል።»

«አይቻለሁ» አሉና ጻፉ። ምን እንደጻፉ አላሳዩትም።

በሚቀጥለው ወር የሬዲዮው መጫኛ በእግር በሚረገጥ ፔዳል ተተካ፤ ግራ እጁ ለመምታት ነፃ ወጣ። ቪበ ድልድዩን አራት ዓመት ከፍቶ ጡረታ ወጣ።