ድንቹ የየት አገር ነው?

ሰው የተወለደበትን አገር ከሌላ ሰው ሲለምን እንደማየት የሚያናድደኝ ነገር የለም። አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

እዚህ አሜሪካ፣ ኖርዝጌት ጣቢያ ከባቡር ወርጄ በእግሬ የምደርስበት የአይሪሽ መጠጥ ቤት ነበር፤ ወጥ ቤቱ ውስጥ እሠራ ነበር። አብራኝ የምትሠራው ልጅ መልኳን ላየ ቻይና ናት። ተወልዳ ያደገችው ግን አየርላንድ፣ አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው። ወላጆቿ እዚያ የቻይና ምግብ ቤት ነበራቸው፤ የቤት ሥራዋን ከባንኮኒው ጀርባ እየሠራች ነው ያደገችው። እንግሊዝኛዋ የለየለት የአየርላንድ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ግማሹ አይገባኝም ነበር፤ የኔም አይገባትም፤ ብቻ ተግባባን።

አለቃችን ደግሞ ቅድመ አያቴ ከአየርላንድ በመርከብ መጣ ብሎ የሚኮፈስ፣ ራሱ ግን አገሩን ረግጦ የማያውቅ ሰው ነው። እሷ ፊት ቆሞ "እኛ አይሪሾች" ይላል። እኛ! ጉድ እኮ ነው።

መጋቢት ላይ የአይሪሾች በዓል ሲቃረብ አባቷ ሊጠይቋት እንደሚመጡ ነገረችኝ። ከዚያ አለቃችንን ለመነችው፤ ለበዓሉ የአባቷን ቤት ምግብ ሜኑ ላይ እንዲያወጣላት። ምግቡ የተጠበሰ ድንችና ዶሮ ነው፤ ከሽንኩርትና ከቃሪያ ጋር በጨውና በደረቅ ቅመም ታሽቶ በወረቀት ከረጢት ይሰጣል። አየርላንድ ያሉ ቻይናዎች እዚያው የፈጠሩት ነው፤ ቻይና ብትሄዱ የሚያውቀው የለም። አየርላንድ ግን ከመጠጥ ቤት የወጣ ሁሉ እሱን ሳይበላ አይተኛም አለችኝ። ሁዳዴ ስለነበር ለኔ ያለ ዶሮ ሠራችልኝ። ጣት ያስቆረጥማል።

አለቃው ኦኬ አለ። ወዲያው ኮል አደረገችና "አባዬ፣ ድንችህ አሜሪካ ገባ!" አለቻቸው።

የበዓሉ ቀን ቤቱ በአረንጓዴ ቆብ ተሞላ። አባቷ ሙሉ ሱፍ ለብሰው ባንኮኒው ጥግ ተቀመጡ። ሜኑውን ገለጡ፤ የለም። አገላብጠው አዩና ቀስ ብለው ዘጉት። ልጅቷ ሄዳ አለቃችንን ብትጠይቀው ምን ቢላት ጥሩ ነው? "ዛሬ ሰው የሚመጣው እውነተኛ የአይሪሽ ምግብ ፈልጎ ነው፤ ግራ እንዳይጋባ ብዬ ነው።"

"እና እሷ ምንድን ናት?" አልኩት፤ አላስችል ብሎኝ።

"ዛሬማ ሁሉም ሰው አይሪሽ ነው!" ብሎ ሳቀና የወረቀት ቆብ አምጥቶ አባቷ ራስ ላይ ደፋላቸው። እኚያን የሚያህሉ ትልቅ ሰው! አጠገባቸው የተቀመጠው ሰካራም ደግሞ አየርላንድ እንዴት እንደምታምር ያስረዳቸው ጀመር። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ይላሉ የኛ ሰዎች። እሳቸው አንገታቸውን እየነቀነቁ ያዳምጣሉ። እኔም እዚሁ የወለድኳት ልጅ አለችኝ፤ "ከየት ነሽ?" ሲሏት "ሌክ ሲቲ" ብላ ሰፈራችንን ትጠራለች፤ "አይ፣ የእውነት አገርሽ" ይሏታል። ሶ፣ ነገሩ የኔም ነበር።

የሥራ ጓደኛዬ ወጥ ቤት ገብታ ዘይት ጣደች። እኔም ሽንኩርቱንና ቃሪያውን ከትፌ ቅመሙን አሸሁ። ለአባቷ አንድ ከረጢት አወጣንላቸው። ሽታው ቤቱን ሲያውደው ሰካራሙ "ለኔስ?" አለ። ጎኑ ያለውም ጠየቀ፤ ከዚያ ቤቱ በሙሉ አምጡ አምጡ ሆነ። ይሄኔ አለቃችን ፈገግ ብሎ መጣና ሰሌዳው ላይ በጠመኔ ጻፈ፦ "የእስያ ቅመም ድንች።"

"አይሪሽ በለው" አለችው። "ሌላ ምንም አልፈልግም። አይሪሽ ብለህ ጻፍልኝ።"

"ያው ነው እኮ! ስሙ ምን ያደርግልሻል?"

ያው ከሆነማ ምን አስጨነቀህ፣ አንተ ቀላማጅ! አልኩ በሆዴ።

ሽርጧን ፈታ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። ቆቡን ከአባቷ ራስ ላይ አነሳችና ክንዳቸውን ይዛ ወጣች። እሳቸው ከረጢታቸውን አልተዉትም፤ ይዘውት ሄዱ።

ትዕዛዝ ተደርድሯል፤ ሰው ይጮኻል። አለቃው ወደኔ ዞረ።

"አንቺ አሠራሩን ታውቂያለሽ አይደል?"

እጄ እስከ ክርኔ ቅመም በቅመም ነበር።

"አላውቅም" አልኩት።