አማቴ በስልክ የመረጧት የዓይን ሐኪም

አማቴን ባልደረቦቻቸው «ማዞሪያ» ይሏቸው ነበር። አገር ቤት ሳሉ የአንድ ትልቅ ሆቴል የስልክ ኦፕሬተር ነበሩ፤ ከውጭ የሚደወለውን በእንግሊዝኛ እየተቀበሉ ወደየክፍሉ ሲያገናኙ ኖረው ጡረታ ወጡ። እኛ ጋ ከመጡ ወዲህ ያ ሁሉ እንግሊዝኛ ሥራ ፈታ። የዚህ አገር ሰው የሚናገረው የራሱን ቋንቋ ነው፤ እሳቸው ከዚያ የያዙት ሰላምታና የዳቦ ስም ብቻ ነው።

እጃቸው ግን ሥራ አይፈታም። ከሕንጻችን ሥር ካለው ልብስ ሰፊ ሱሪ እየተቀበሉ፣ መስኮት ሥር ተቀምጠው ጫፉን እያጠፉ በእጅ ይሰፋሉ። አንድ ቀን የሰፉት መስመር መሀሉ ላይ ጎበጠባቸው። ፈተው እንደገና ሰፉት፤ አሁንም ጎበጠ። ጠርተው አሳዩኝ፤ እኔ ሳየው ቀጥ ያለ ነው። አንዱን ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው አዩት፣ ከዚያ ሌላውን ሸፈኑ።

«ስፌቱ ደህና ነው» አሉ። «የጎበጠው ቀኝ ዓይኔ ነው።»

ባለቤቴ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ለእናቱ አንድ ልጅ ስለሆነ ዓለምን ለብቻው የተሸከመ ይመስለዋል። እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ ሰፈራችን ካለው የዓይን ሐኪም ወሰዳቸው፤ አስተርጓሚውም እሱ ነበር። ስመለስ አማቴ ወጥ ቤት ቆመው ሽንኩርቱን በንዴት ይከትፋሉ።

«ሐኪሙ ብዙ ተናገረ፤ ፊቱም ጠቆረ» አሉኝ። «ልጄ ወደኔ ዞሮ ‹ትንሽ ድካም ነው፣ ጠብታ ይሰጥሻል› አለኝ። ዕድሜዬን ስልክ ላይ የጨረስኩ ሰው ነኝ፤ ወሬ ሲጎድል አውቃለሁ።»

ልጃቸው ከፋርማሲ ያመጣው ጠብታ አልረዳቸውም። ስፌቱም መጉበጡን አልተወ። ሳምንታት አለፉ፤ በመጨረሻ ራት ላይ ቁርጡን ተናገሩ።

«እንግሊዝኛ የሚናገር የዓይን ሐኪም ፈልጉልኝ። እኔ ልናገር፣ እኔው ልስማ።»

«እኔ እያለሁልሽ እማዬ?» አለ ባለቤቴ። ማንኪያውን አስቀመጠ። «ደግሞ እዚህ አገር ከየት ይመጣል? ለምን በከንቱ ትደክሚያለሽ?»

«የምደክመው እኔ ነኝ። አንተ ብላ።»

በማግስቱ ስልክ ተያዘ። እኔ ቁጥር እየፈለግኩ እደውላለሁ፣ ሐኪሙ እንግሊዝኛ ይችል እንደሆነ እጠይቃለሁ። ሁሉም ይችላል። የመጀመሪያው ዘንድ ስንሄድ ሰውየው «ሄሎ» አለ፣ «ሲት» አለ፣ ከዚያ ፈገግ ብሎ ቀረ። አማቴ ቦርሳቸውን አንስተው ቆሙ። «ከዚህስ ልጄ ይሻለኛል» ብለውኝ ወጣን።

መንገድ ላይ የተናደዱት በራሳቸው ነው። ለካ ኦፕሬተር «ይሰማዎታል?» ብሎ አይጠይቅም፤ ሁሉም «አዎ» ይላል። መስመሩ ደህና መሆኑ የሚታወቀው ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ሲያወራ ነው። ከዚያ ወዲያ እኔ ሐኪሙን ራሱን እንዲያገናኙን እለምናለሁ፤ ሐኪሙ ሲመጣ አማቴ ስልኩን ይቀበሉና በእንግሊዝኛ «ዛሬ ከቤት ሲወጡ ምን ገጠመዎት?» ይላሉ።

አንዱ ዘጋው። ሌላው ይቅርታ ጠይቆ ዘጋው። አንዲት እንግዳ ተቀባይ የሴትዮዋ ጭንቅላት ደህና ይሆን ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ ያመማቸው ዓይናቸውን እንደሆነ ነገርኳት። ባለቤቴ ነገሩን ሲሰማ «ልታሰድቡን ነው» አለ። አማቴ ቀጣዩን ቁጥር አስደወሉኝ።

በመጨረሻ አንዲት ሴት ሐኪም ሳቀች። «አሳንሰሩ ተበላሽቶ በደረጃ ወረድኩ» አለች። «ታች ስደርስ መነጽሬን መርሳቴ ትዝ አለኝ። የዓይን ሐኪም ሆኜ። ተመልሼ ወጣሁ፣ እግሬ እስካሁን ይነዝረኛል። እርስዎንስ ምንዎን ነው የሚያምዎት?»

«ዛሬውኑ እመጣለሁ» አሉ አማቴ።

ክሊኒኩ ከተማው ጫፍ፣ ከአንድ ጫማ ቤት በላይ ነው። ባለቤቴ ፈቃድ ጠይቆ አብሮን መጣ። በሩ ላይ ስንደርስ አማቴ እጃቸውን ደረቱ ላይ አድርገው አስቆሙት። «አንተ እዚህ ቆይ። አንቺ ግቢ፤ አንቺ ዝም ማለት ታውቂያለሽ» አሉ። ስለ እኔ እንዲህ ያለ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም።

ሐኪሟ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች የተሰመሩበት ወረቀት አሳየቻቸው፤ እሳቸውም የጎበጠውን በጣታቸው እየተከተሉ ነገሯት። በመሣሪያዋ ቆይታ አየች። ከዚያ ወንበሯን አቅርባ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

«ዓይንዎ ውስጥ በስተኋላ ያሉ ቀጫጭን የደም ሥሮች ያፈሳሉ። ካልቆመ የመሀሉ እይታ ይጠፋል። የሄደው አይመለስም፤ የቀረውን ለማዳን ዓይንዎ ውስጥ መርፌ መውጋት አለብኝ፤ ከዛሬ ጀምሮ፣ በየጊዜው። ቀደም ብለው ቢመጡ ኖሮ ብዙ ይተርፍ ነበር። የመጀመሪያው ሐኪም አልነገረዎትም?»

አማቴ «ሳይነግረኝ አልቀረም» አሉ። «አልደረሰኝም እንጂ።» ወደኔ ዞሩ። «ልጄን ጥሪልኝ።»

ባለቤቴ ገባ።

«ያ ሐኪም ምን ነበር ያለህ?»

እኔን አየኝ፤ አላገዝኩትም። «ቶሎ መርፌ ካልተወጋች ዓይኗ ይጠፋል አለኝ» አለ። «እንዲህ ያለ ነገር ድንገት ይነገራል እንዴ እማዬ? ቀስ ብዬ፣ ዘመድ ሰብስቤ ልነግርሽ ነበር።»

እውነቱን ነው። ለአክስቱ ልጆች ደውሎ ኖሯል። አንዱ ሲመቸው ሌላው ሳይመቸው፣ ሊሰበሰቡበት የታሰበው እሁድ ሲተላለፍ ሰንብቷል፤ እኔም አንድም ነገር አላወቅሁም። ተናደድኩ፤ ልጮህበት ፈለግኩ። አማቴ ቀደሙኝ፤ ድምፃቸውን ግን ከፍ አላደረጉም።

«መርዶ እኮ የሚነገረው የሞተ ሲኖር ነው። የእኔ ዓይን ገና በሕይወት ነበር።»

እንባው መጣ። እጃቸውን ሊይዝ ፈለገ፤ ሰጡት፤ «ተቀመጥ፤ አፍህን ግን ዝጋ» አሉት።

ወንበሩ ወደ ኋላ ተዘረጋ። ሐኪሟ የሚያደነዝዝ ጠብታ አደረገች፣ የዓይናቸውን ቆብ በመያዣ ከፈተች። ልታዘናጋቸው ብላ ይመስለኛል፣ ስለ ሆቴሉ ሥራ እንዲያወሯት ጠየቀቻቸው።

«አሁን ወሬ አልፈልግም» አሏት አማቴ በዚያ በተጣራ እንግሊዝኛቸው። «መርፌው ሲመጣ ንገሪኝ። ከመውጋትሽ በፊት።»

ሐኪሟ መርፌውን አቀረበች። «አሁን ነው» አለች።

ባለቤቴ ዓይኑን ጨፈነ። አማቴ ነፃ የነበረውን ግራ ዓይናቸውን እንኳ አልጨፈኑም።